ኮፍያ የነከስንበት ጨዋታ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ ቁጥር ነበረው። እኛ «ግመሏ» እንላት ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩዋት የተንበረከከች ግመል ስለምትመስል። የሻምበል ጦራችን ወደዚያ እንዲወጣ ትእዛዝ የመጣው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። «ስንቅህን፣ ጥይትህን፣ ውኃህን ያዝ» ተባልን። እኔ በዚያ ላይ የስልክ ሽቦ ጥቅል ተሸከምኩ። የመገናኛ ወታደር ነበርኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት እዚያው ሠራዊት ውስጥ ከጓዶቼ ነው። ለስልክ ግን ጆሮና ምላስ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ዛሬ የሚያስጽፈኝ ቤዝቦል ነው፤ ያ አሜሪካኖች ኳስ በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ። ልጆቼ፣ አትሳቁ።

ከልጄ ከሰላም ጋር የምኖረው አሜሪካ፣ ኖርዝላንድ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ። ከአፓርትመንታችን ጎን ባለችው ትንሽ ቤት አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነበሩ። ስማቸው ጂም ነው፤ እኔ ጋሽ ጂም እላቸዋለሁ። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ እሳቸው ግን ማማ ይሉኛል። ሰመር ሲገባ፣ አመሻሽ ላይ፣ የጋራዣቸውን በር ከፍተው በታጣፊ ወንበር ይቀመጡና ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

የመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከባስ ወርጄ እንቁላል ይዤ ሳልፍ ነው። ሬዲዮኑ ውስጥ አንድ ሰውዬ ቀስ እያለ ያወራል፤ ጊዜ የተረፈው ሰው ነው የሚመስለው። ከኋላው የሕዝብ ጉምጉምታ አለ። ሰውየው ዝም ሲል ጉምጉምታው ብቻ ይቀራል። ከዚያ «ጧ!» የሚል የእንጨት ድምፅ፤ ወዲያው የሺህ ሰው ጩኸት።

ራሴን ያገኘሁት ከቆመ መኪና ሥር ነው። እንቁላሉ አስፋልቱ ላይ ተፈጥፍጧል።

ጋሽ ጂም እያነከሱ መጡ። «ማማ! አር ዩ ኦኬ? ጌም ነው! ጀስት ጌም!» ሬዲዮኑን ዘጉት። ጌም መሆኑንማ አውቄ ነበር። የደነገጥኩት ጌም በመሆኑ ነው።

ያን ዕለት ማታ ለሰላም ስነግራት «እማዬ፣ ዶክተር ጋ ልውሰድሽ?» አለችኝ። ዶክተር ምን ያደርግልኛል? የምነግራችሁን ለእሷም ነግሬያት አላውቅም ነበር።

በግመሏ ላይ አንድ ሕግ ነበር፤ ድምፅ የለም። ከማዶው ሸንተረር የሚለየን አንድ ደረቅ ወንዝ ነው። ማዶ ያሉት የዚያችው አገር ልጆች ናቸው፤ ለምን እንደተዋጋን የሚያውቁ ይጻፉት። እነሱ የት ጋ እንደመሸጉ አናውቅም፤ እነሱም የኛን ቦታ ለይተው አያውቁም። ዓለቱና ቁጥቋጦው ሁላችንንም ደብቆናል። የሚያጋልጠን ድምፃችን ብቻ ነው።

ወንዙ ውስጥ፣ በሁለታችን መሀል፣ የማዳመጫ ቦታ ነበረን። ሦስት ሰው ጎህ ሳይቀድ ይወርዳል፤ ሲጨልም ይመለሳል። በብርሃን ከዚያ መውጣት የለም። ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው እኔ የዘረጋሁት ሽቦ ነው።

አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ነበረችን፤ የታደለ ናት። ባትሪዋ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የኳስ ጨዋታ ሲኖር በጆሮ ማዳመጫ ነው የምትሰማው፤ ስለዚህ የምትሰማው ለአንድ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ስልኩን ባንዱ ጆሮዬ፣ ሬዲዮኗን በሌላው። የኛ ልጆች ኳስ ሲይዙ ቡጢዬን አነሳለሁ፤ ባላጋራ ሲይዝ መዳፌን እዘረጋለሁ። ምሽጉ በሙሉ እጄን ያያል። ወንዝ ላሉት ደግሞ በስልክ አንሾካሹካለሁ። ወታደሩ «ጣቢያ» ብሎ ስም አወጣልኝ።

ጎል ሲገባ ኮፍያ ይነከሳል። ይህን ደንብ ያወጡት አዛዣችን ሻምበል ጌታሁን ናቸው። «ጎል ሲገባ ኮፍያህን ንከስ። ኮፍያ የሌለው የጓዱን ይንከስ» አሉን። ሲናገሩ አልሳቁም። መጀመሪያ ሳየው ጉድ ነው ያልኩት፤ ያ ሁሉ ጎልማሳ ኮፍያ ነክሶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ያለ ድምፅ ሲዘል።

እኔ ኳስ ጨዋታ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሰውየው ሬዲዮ ላይ ያለውን ነው የምደግመው። አስር አለቃ ዘነበ ይህን ስለሚያውቅ ይተርበኛል። ወንዝ ተረኛ ሲሆን ስልኩን ለማንም አይሰጥም።

«ጣቢያ፣ ኦፍሳይድ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን ቸገረኝ? ሰውየው ያለውን ነው የምልህ።»

«እሺ ቀጥይ።»

«አንዱ ወደቀ።»

«የኛ ነው የነሱ?»

«ሰው ነው የወደቀው፤ ምስኪን!»

በስልኩ ውስጥ ሦስቱም አፋቸውን አፍነው ሲስቁ ይሰማኛል።

ያን ጊዜ የሚናፈቅ ነገር ነበረው ብል ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን አላምነውም። ግን ናፈቀኝ። ጋሽ ጂም ሬዲዮኑን ለእኔ ብለው ዝቅ አድርገው ሲከፍቱ፣ ቀስ በቀስ ከጎናቸው መቀመጥ ጀመርኩ። አባታቸው ቤት ቀቢ ነበሩ አሉ። መሰላል ላይ ሆነው ሲቀቡ እሳቸው ልጅ ሆነው ከታች ሬዲዮ ይይዙላቸዋል፤ ቡድናቸው ሲያገባ አባትየው ብሩሹን ወደ ሰማይ ይረጩታል። «አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኜ ቤት ገባሁ» ብለው ሳቁ። «አሁን ሰው ሁሉ በየጆሮው ነው የሚሰማው። ማን ደስ እንዳለው አይታወቅም።» የልጅ ልጄ ሜላት ናት እየሳቀች ያስተረጎመችልኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በየጆሮ መስማቱን አውቀዋለሁና።

ወደ ግመሏ ልመለስ።

የዋንጫ ጨዋታ ነበር፤ ብሔራዊ ቡድናችን የሚጫወትበት። ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ተጀመረ። ወንዝ ያሉት ዘነበ፣ ሁሴንና ታደለ ናቸው። ታደለ ሲወርድ ሬዲዮዋን ለእኔ ሰጥቶ «እንደ ዓይንሽ» ብሎኛል። ጨዋታው አንድ ለአንድ ነው። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ይዛለች። ሰውየው ሬዲዮ ላይ ትንፋሽ አጠረው፤ እኔም አጠረኝ። ቡጢዬን ወደ ላይ አድርጌያለሁ። «አለፈው... ሌላውንም አለፈው...» እላለሁ። ገባ!

አንገቴ ላይ የጠመጠምኩትን ነጠላ ነከስኩ።

ከጎኔ አንድ ጩኸት ተነሣ። ዞር ስል ሻምበል ጌታሁን ናቸው። ደንቡን ያወጡት ሰው ኮፍያቸውን ወደ ላይ ወርውረው፣ አፋቸውን ከፍተው «ገባ!» እያሉ ይጮኻሉ። ከዚያ ምሽጉ በሙሉ ጮኸ።

የኛ ጩኸት ሳያበቃ ሌላ ጩኸት መጣ። ከማዶ።

ክው አልን። እነሱም ይጮኻሉ። ያችኑ ጎል። ያፏጫሉ፤ እንዲያውም አንዲት ሴት እልል ስትል በግልጽ ሰማኋት። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያም አንድ ሰው ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እዚያም ኮፍያ ሲነከስ ኖሯል።

ዘነበ በስልኩ ውስጥ እየሳቀ ነው፤ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «ጣቢያ! ሰማሽ? ማዶም እኮ የኛኑ ነው የሚደግፉት!» ከወዲህም ከወዲያም የሰማው እሱ ነበር፤ መሀል ላይ ነዋ ያለው።

ከዚያ ሁሉም ነገር ጭጭ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁላችንም አንድ ነገር ገባን። እነሱ የት እንዳሉ አወቅን። እኛም የት እንዳለን አወቁ። የሻምበሉን ፊት አየሁ፤ አመድ መስሏል። «ወንዝ ያሉትን ተኝታችሁ መሬት ልበሱ በያቸው!» አሉኝ።

ሳልናገር የመጀመሪያው ሞርታር ፈነዳ። ማን ቀድሞ እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኛም ተኮስን። እነሱም ተኮሱ። ሳይደርስ የቀረው ሞርታር ሁሉ፣ የኛም የነሱም፣ ወንዙ ውስጥ ይወድቃል።

«መሬት ልበሱ! አስር አለቃ፣ ትሰማኛለህ?»

«ለብሰናል። ስንት ደቂቃ ቀረው?»

«የምን ደቂቃ?»

«የጨዋታው ነዋ! እስኪጨልም ከዚህ አንወጣ። አውሪን እንጂ።»

ሬዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ምንም አያውቅም። ስታዲየሙ በደስታ ሊፈርስ ነው ይላል። እኔ እሱን እየደገምኩ ነው፤ አጠገቤ ቁስለኛ እየተጎተተ ያልፋል። እስኪጨልም ካቆየኋቸው ይወጣሉ አልኩ በልቤ። ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረም።

የምሽጉ ጣሪያ ተደረመሰ። ከአፈሩ ስወጣ ስልኩ ደህና ነው። ሬዲዮዋ ግን ጠፍጣፋ ሆናለች።

«ጣቢያ፣ ዝም አልሽ እኮ!»

ምን ልበለው? «የኛው ልጅ ኳሷን ይዞ እየሮጠ ነው» አልኩት።

«በምኑ ይዞ?»

«በእጁ ይዞ።»

«በእጅ አይያዝም እኮ! ጥፋት ነው!»

«ዳኛው አላየም።»

ሳቀ። እንደፈጠርኩት ገብቶታል። «እሺ፣ ቀጥይ» አለኝ። ቀጠልኩ። በሕይወቴ ያላየሁትን ሜዳ ፈጠርኩ፤ ሰዎቹን እንደ ፍየል አዘለልኳቸው። ሦስተኛ ጎል አገባሁ። ከዚያ አራተኛ። አራተኛው ላይ ስልኩ ውስጥ ምንም አልነበረም። እኔ ግን አላቆምኩም። ሻምበል ጌታሁን መጥተው መነጋገሪያውን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱት። «በቃ ልጄ» አሉ።

ሲጨልም ከወንዙ የወጣው ሁሴን ብቻ ነው። ሽቦው የተበጠሰውን ስልክ ታቅፎ ነበር። «ሦስተኛውን ስትነግሪው እየሳቀ ነበር» አለኝና ተቀመጠ። ሻምበል ጌታሁን ከዚያ ወዲያ ኮፍያ አድርገው አላየሁም።

ዘንድሮ ጋሽ ጂም ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰላም ከምትሠራበት፣ ፒከሪንግተን ካለው የአረጋውያን ቤት ገቡ። ሬዲዮናቸውን ለእኔ ተዉልኝ። እዚያ ቴሌቪዥን አለ፤ ጨዋታውን ግን አያሳይም፤ የሚታየው ተጨማሪ ተከፍሎበት ነው አሉ። አንድ አመሻሽ ሰላም ከሥራ ኮል አደረገችኝ። «እማዬ፣ ጋሽ ጂም እራት እምቢ አሉ። ጨዋታ አለ እያሉ ነው። አንቺ ጋ ሬዲዮው አለ አይደል?»

ሰላም ስልኳን ሰጠቻቸው፤ እኔም ስልኬን ሬዲዮኑ አፍ ላይ ደቀንኩት። አልሰማ አላቸው፤ ይንኮሻኮሻል። «ማማ፣ ዩ ቴል ሚ» አሉኝ።

ስልክ ባንድ ጆሮዬ፣ ሬዲዮ በሌላው። ይህን ነገር ዳግመኛ አደርገዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ጀመርኩ። «ማን ሂት። ቦል ጎ። ማን ፎል ዳውን።»

«አወርስ ኦር ዴርስ?» አሉ ጋሽ ጂም።

የኛ ነው የነሱ ማለታቸው ነው።

ወንበሩን ያዝኩ። ሜላት ሮጣ መጣች፤ «ግራንድማ፣ ዋት ሃፕንድ?» ምንም አልኳት በእጄ። ስልኩ ውስጥ ሽማግሌው ይጠብቃሉ፤ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። እስትንፋሳቸውን እየሰማሁ ቀጠልኩ። ጨዋታው ረጅም ነው፤ የሚያልቅ አይመስልም። አለቀ። ቡድናቸው ተሸነፈ። አልፈጠርኩም፤ እንዳለ ነገርኳቸው። «ኦ ዌል» አሉና ሳቁ። ሰላም በኋላ እንደነገረችኝ እራታቸውን በሉ። ከዚያ የዋንጫ ጨዋታ ወዲህ አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው የተናገርኩት ያን ዕለት ነው።

ሜላት ታሪኩን ስነግራት ስልኳን አወጣች። «የዚያን ጨዋታ ውጤት ሰርች ላድርግልሽ?» አለችኝ። ተይው አልኳት። እኔ የምሰማው ያን ዕለት ከሰማ ሰው አፍ ነው።

በግመሏ ላይ ያን ዕለት ከኮረብታው አራት ሰው ሞተብን፤ ከወንዙ ሁለት፤ አስር አለቃ ዘነበና ታደለ። በማግሥቱ ስማቸው ሲጠራ ተሰልፈን ቆመናል። ከማዶ ስንት እንደወደቀ የነገረን የለም፤ ያን ጊዜም አልጠየቅንም። ዛሬ ግን ያቺ እልል ያለችው ሴት ትመጣብኛለች። ተርፋ ከሆነ እሷም አያት ሆናለች። ምናልባት ሬዲዮኗ አልተሰበረም ይሆናል። ካልተሰበረ፣ ጨዋታው እንዴት እንዳለቀ እሷ ታውቃለች።