ጎሽ ያሳደገቻት ሚዳቋ

ከሀዋሳ ወደ ስዊድን የወጣሁ ዕለት ማታ የአራት ዓመቷን ልጄን ሶስናን ቱላ በሚገኘው ቤታችን እናቴ አዝላት ነበር። "ማርታ፣ ቶሎ ነይ" አለችኝ ሶስና እንቅልፍ እየያዛት። አገር ቤት ላላችሁት ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ አያቱ እጅ ላይ የሚያድግ ልጅ አያቱን እማዬ፣ እናቱን በስሟ ነው የሚጠራው። እኔ ሳስተምር ስለምውል እኛም እንደዚያው ለመድን።

ስዊድን ግን ሁሉም ሰው በስሙ ነው የሚጠራው፣ አለቃም ሽማግሌም። በብርዱ ወራት ገና ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል። ዓሣው ስኳር ገብቶበት ይበላል! የሐይቅ ዳርን ዓሣ በዳጣ ለለመደ ሰው ቅጣት ነው።

የምሠራው ፎርስኮላ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ነው። እዚያ ያየሁትን አኒሜሽን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶስና ጋር በስልክ እናየዋለን። አንድ ቀን ጎሽ ስላሳደገቻት ሚዳቋ አየን። ሚዳቋዋ ስታድግ ወላጅ እናቷን አገኘች፤ ግን ወደ ጎሿ ተመለሰች። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ቅደም ተከተል አላቸው፤ ልጁ ይጠፋል፣ ይቸገራል፣ በመጨረሻ የማን እንደሆነ ያውቃል። ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር አስረዳኋትና "ስለዚህ እናት ማለት ያሳደገች ናት" ብዬ ደመደምኩ። እናቴም አጠገቧ ሆና ትሰማ ነበር፤ ደስ እንዲላት ብዬ ጭምር ነው።

ሶስናን ለማምጣት ሳመለክት አዲስ አበባ ያለው የስዊድን ኤምባሲ አስጠርተው ጠየቋት። ከዚያ እዚህ ስዊድን የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እኔን ጠራኝ።

"ማርታ፣ ልጅቷ እናትሽ ማን ናት ስትባል አያቷን አሳየች። ያሳደገችኝ እሷ ናት ብላለች" አለኝ ሠራተኛው።

"ከፊልም የተማረችው ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።"

"አንቺን ምን ብላ ትጠራሻለች?"

"ማርታ።"

"እኔም እኮ ማርታ ነው የምልሽ። እኔንም ወልደሽኛል?"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

በኋላ የተደረገው የዘረመል ምርመራ ልጄ መሆኗን አረጋገጠ። ግን ከእኔ ጋር መኖር እንደምትፈልግ በራሷ አፍ እንድትናገር ሌላ ቀጠሮ ሰጧት። ትናንት ስደውል እናቴ ስታለማምዳት ሰማሁ።

"በይ፣ እማዬ በያት።"

"ማንን?"

"ማርታን ነዋ!"

"አንቺንስ ታዲያ?"

"እኔን... አያቴ በይኝ።"

ስልኩ ተጠጋ። "እማዬ" አለችኝ ሶስና፣ ሰልፍ ፊት ግጥም እንደምታነብ ልጅ ጥርት አድርጋ።

"ወዬ፣ የኔ ቆንጆ!"

እሷ ግን ወደ እናቴ ዞራ "እማዬ፣ አልኳት እኮ" አለች።