ደም እስኪረጋ የምትጠብቀው ዶክተር

ዶክተር ሰብለ ሞተች አሉኝ። በምን ስል፣ ደም ረግቶ ሳንባዋን ዘጋው አሉ።

ውሸት ነው አልኩ። የሰው ደም ለምን እንደሚረጋ፣ ለምን እንደማይረጋ ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናች ሴት እንዴት በዚሁ ትሞታለች? ልጄ አልማዝ ወደ ቦንጋ ሁለቴ ደወለች። ሁለቴም ያው ነው።

ለማታውቁኝ፣ ጋሽ ወልዴ ይሉኛል። ከዋጫ ከተማ ወጣ ብዬ ያለሁ ገበሬ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ አልማዝ በራሷ ፌስቡክ ላይ ትጽፋለች። ከራስሽ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ ብያታለሁ።

በቤቴ ወንድ ልጅ ሲገረዝ ደሙ አይቆምም ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆቼ እንደዚያ ነው የሄዱት። ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ናቸው። መንፈስ የሚወርድበት ሰው ዘንድ፣ አላሞ ቤት፣ ተመላልሰናል፤ በሬ አርደናል። ከዚያ አልማዝ ወንድ ወለደች። ተረፈ ተባለ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ የቤታችንን ነገር ሰምታ ኖሮ ዶክተሯን ይዛት መጣች። ያን ቀን ተረፈ የሚገረዝበት ነበር። ጉሙ ወርዶ እንሰቱ እንኳ አይታይም፤ ገራዡ ደጅ ተቀምጧል።

ስለ ዘራችሁ ንገሩኝ ስትል የአባቶቼን ስም መቁጠር ጀመርኩ። በዚህ አገር እንደኔ የሚቆጥር የለም።

"ይቅርታ አባባ፣ የእርስዎን ወገን አይደለም። የባለቤትዎን እናት ነው የምፈልገው።"

እኔን! በገዛ ቤቴ!

መሬት ላይ ቁጭ ብላ መደርደር ጀመረች። ለሴት ባቄላ፣ ለወንድ በቆሎ፣ ደም ፈሶት ለሞተ ወንድ ከሰል። ዓይናቸው የጠፋው አማቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ይናገራሉ፣ እሷ ትደረድራለች። ልጆቼ ሁለት ከሰል ሆነው ተቀመጡ። ፊደል ባልቆጥርም ያን አነበብኩት። ከሰሉ ሁልጊዜ ከባቄላ ሥር ነው የሚወጣው፤ እናቶቹ ራሳቸው ምንም ሳይሆኑ።

ከዚያ በባለቤቴ ባቄላና በወንድሟ በቆሎ መሃል የዶክተሯ እጅ ቆመ።

"እማማ፣ እዚህ ጋ የዕድሜው ክፍተት ሰፋብኝ። ማን ነበር እዚህ?"

"ማንም የለም።"

ዶክተሯ አንድ ከሰል አንስታ ክፍተቱ ላይ በጣቷ ይዛ ጠበቀች።

"አስቀምጪው" አሉ አማቴ።

ምን እንደያዘች ማን ነገራቸው? ዓይን የላቸው!

"ተረፈ ይባል ነበር" አሉ።

ባለቤቴ ሌላ ወንድም እንደነበራት ያን ቀን ሰማች። ለልጅ ልጃችን ስም ያወጡት ደግሞ እኚሁ አማቴ ናቸው።

ደም ልውሰድ ስትል ሰው ሁሉ ወደ በሩ ሸሸ። መጀመሪያ ክንዱን የሰጠ እኔ ነኝ፣ ይህም ይጻፍ። በቀጭን ብልቃጥ አድርጋ ቆየችና ገለበጠችው፤ የእኔ ረግቶ ቁጭ ብሏል፣ አይወርድም። የሕፃኑን በመዳፏ ጨብጣ እያሞቀች ጠበቀች። ደጋግማ ወደ ጆሮዋ ታስጠጋውና "እህ፣ ምን አልክ?" ትለዋለች። ደሙን እኮ ነው! ከዚያ በኋላም በመጣች ቁጥር ይህን ስትል ሰምቻለሁ፣ አንድም ቀን አልለመድኩትም።

አዘነበለችው። እንደ ውሃ ሄደ።

"ይህ ልጅ ምላጭ አይነካውም" አለች።

ገራዡ ከደጅ ሆኖ "ስንቱን ገርዤ ዛሬ ሴት ታስተምረኝ?" አለ።

"ዕቃህን ይዘህ ከግቢዬ ውጣ!" አልኩት።

የአልማዝ ባል አባት ተነሳ። "ሳይገረዝ ወንድ ይሆናል ወይ?"

"ሬሳ ከሚሆን ይሻላል!" አልኩት።

ዓመት ሙሉ ተኳረፍን። ግድ የለኝም።

ዶክተሯን አላሞ ናት ብለው ከመንገድ የሚሸሹላት ነበሩ። እሷ ትስቃለች። "እኔ ጠይቄ ነው የማውቀው፣ አባባ" ትለኝ ነበር። ልጁ ወድቆ ጉልበቱ ባበጠ ቁጥር መድኃኒቱን ይዛ ትደርሳለች፤ መንገዱ ጭቃ ሲሆን መኪናዋን ሺሺንዳ ከተማ ትታ በሞተር። ተረፈ ይኸው ትምህርት ቤት ይሄዳል።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። አልማዝ ይህን አልጽፍም ብላኝ ነበር። ጻፊ አልኳት።

ዛሬ ጠዋት የተረፈ አፍንጫ ደማ። ጨርቅ ፍለጋ ስንሯሯጥ ደሙ በራሱ ቆመ። ከተወለደ እንዲህ ሆኖለት አያውቅም። ልጁ ትምህርት ቤት ከሄደ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ዶክተሯም ያረፈችው ዛሬ ጠዋት ነው።

ዶክተር፣ ይህን ብትሰሚ ትቆጪኛለሽ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው፣ አፍንጫ አንዳንዴ ራሱ ያቆማል ትይኛለሽ። እሺ፣ አይገናኙም። ግን ነገ ሲደማ ማንን ልጥራ?

ልጁ ከትምህርት ቤት እየመጣ ነው፣ ድምፁ ይሰማኛል። ሴቶቹ አትንገሩት ይላሉ። እነግረዋለሁ። የገዛ ደሙ ነገር ነው፣ ማንን እንዳጣ ይወቅ። ሲነጋ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዤው ጅማ፣ ትሠሪበት ወደነበረው ሆስፒታል እወጣለሁ፤ ካንቺ ጋር የሠራ ሰው ሳላገኝ አልመለስም።

ደህና ሁኚ ልጄ። በሰላም ሂጂ፤ እኔም መንገድ ላይ ነኝ።