ያልገጠመው ኮንቴነር

ተሳቢው ባዶውን ተመልሶ መጣ። በያጁ ከሩቅ ሲያየው የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። ጠዋት ኮንቴነር ሊጭን የወጣ ተሳቢ በምሳ ሰዓት ባዶውን ከመጣ ለደህና አይደለም።

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ልክ» ነው የሚለው። ብረት ቆርጦ ከገጠመ በኋላ በመዶሻ አንዴ ኳ ያደርግና «ልክ!» ይላል፤ በቃ፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። ድሮ ተሳቢ እንደ ባለቤቱ ነበር። እህል የሚጭነው ጎኑን ከፍ አድርግልኝ ይላል፤ ከብት የሚጭነው ወለሉን አጠንክርልኝ ይላል፤ ጉረኛው ደግሞ ከቀለሙ ሌላ የሚያየው የለም። አሁን ከባሕር ማዶ ተሠርቶ፣ ጎማው ሳይቀር ታስሮለት የሚመጣው በዛ። የትኛውም አገር ይሥራው፣ ኮንቴነሩ አንድ ስለሆነ፣ በአራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ገብተው የሚይዙት የተሳቢው ቁልፎችም ልካቸው አንድ ነው፤ ተሳቢውም አንድ ሆነ። ግቢው ውስጥ ከነበሩት ስድስት በያጆች የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ይሄን ተሳቢ ያሠራችው የሁለት መኪና ባለቤት የሆነች ሴትዮ ናት። «የመጀመሪያውን አንተ ሥራው። ኮንቴነር መጫኛው ጣቢያ ከተቀበለው ሁለተኛውም ያንተ ነው። ካልተቀበለው ግን አትቀየመኝ፣ ከውጭ አስመጣለሁ» ብላዋለች። ከዚያ ከሁለተኛው ሌላ ደጁን የሚያንኳኳ ሥራ የለም።

ሾፌሩ ከጋቢና ወረደ። ቅጥነቱን አይተው «ሽቦው» ይሉታል።

«ጋሼ፣ አልገባም።»

«ምኑ?»

«ኮንቴነሩ ነዋ። በግራ ያሉት ሁለቱ ቁልፎች ገቡ፤ በቀኝ ያሉት አሻፈረኝ አሉ። ክሬኑ ሦስት ጊዜ አንስቶ ሦስት ጊዜ አስቀመጠው።»

«ኮንቴነሩ ተጣሞ ነው!»

ሽቦው ሳቁን መያዝ አቃተው። «እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ሌላ አመጡ፤ እሱም እምቢ። ሦስተኛ አመጡ። የጣቢያው ተቆጣጣሪ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የዓለም ኮንቴነር ሁሉ ተጣሞ ያንተ ተሳቢ ብቻ ነው ቀጥ ያለው?›»

ጋሽ ልክ አልሳቀም። ከግድግዳው ላይ መለኪያ ብረቱን አወረደ። ሜትር እያደር ይላላል ብሎ አያምነውም፤ የቁልፎቹን ስፋት የሚለካው ከዓመታት በፊት ራሱ በቆረጠው ረጅም ብረት ነው። በግራና በቀኙ ቁልፍ መሃል ጋደም አደረገው። ጫፍና ጫፉ ቁጭ አለ።

«አየህ? ልክ ነው።»

«ልክማ ነው፤ ከብረቱ ጋር» አለ ሽቦው።

ይህን ጊዜ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ የሆነችው ልጁ ምሳውን ይዛለት ደረሰች። ነገሩን ሰማችና ሳህኑን አስቀምጣ ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች።

«አባዬ፣ እስቲ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

«ሜትርሽን ወዲያ በይልኝ።»

«ያዝ ስልህ!»

ያዘ። በስልኳ ፈልጋ ያወጣችው የኮንቴነር ቁልፎች ልክ ሁለት ሜትር ከሃያ ስድስት ሳንቲም ይላል። ብረቱ ሁለት ሜትር ከሃያ አራት ነው።

ብረቱን ከእጇ ተቀብሎ በመዳፉ ዳበሰው። መሃሉ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ረግጦ ሰብሮት ነበር። የተጣመመውን ቆርጦ አወጣና ራሱ በየደው፤ ብየዳው ከማማሩ የተነሳ መሰበሩንም ረሳው። ከዚያ ወዲህ የሠራው የእህልና የአሸዋ ተሳቢ ብቻ ነው። እህል ደግሞ ሁለት ሳንቲም ጠበበኝ ብሎ አይመለስም።

«የቆረጥኩትን አልተካሁትም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይሁና አባዬ፣ ማንም ይሳሳታል።»

«እኔ ማንም ነኝ እንዴ?»

ሽቦው ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ አታካብደው። የቁልፎቹን ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጋቸውና ይግቡ። ማን ያያል?»

«ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ኮንቴነሩ ዘሎ የሚያርፈው አንተ ላይ ነው። ያኔ ታየዋለህ።»

ጋሽ ልክ ሳህኑን ሳይከፍት መነጽሩን አወረደና በቀኝ ያሉትን ሁለት ቁልፎች ከነመሠረታቸው ቆርጦ ጣላቸው። ልጁ ሜትሩን ይዛ ቁጥር ትጠራለች፤ እሱ ይበይዳል። ወገቡን ለማቃናት በየደቂቃው ይቆማል፤ ድሮ ለዚህች ሥራ ዕረፍትም አያምረው ነበር። ሲጨርስ በመዶሻው ኳ አደረገው እንጂ «ልክ!» አላለም። ልጁ ሜትሩን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በነጋታው ከሽቦው ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ራሱ ሄደ። ክሬኑ ኮንቴነሩን አወረደ። አራቱም ቁልፎች ሳያንገራግሩ ገቡ። ተቆጣጣሪው ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ፣ «ቀጣይ!» ብሎ ወደ ኋላው መኪና አለፈ። ማን ሠራው አላለም። ከተሳቢው ጎን አቧራ ለብሶ የቆመውን ሽማግሌም ቀና ብሎ አላየው።

ሽቦው ከባለመኪናዋ ጋር የሚያወራበትን ስልክ ዘግቶ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ሞተሩ ተነሥቷል፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

«ጋሼ! እትዬ ሁለተኛውን ነገውኑ ጀምር ብለዋል። እንግዲህ ደስ ይበልህ!»

«ደስ ብሎኛል። ነገ ግን እተኛለሁ፤ ከነገ ወዲያ ይጀምራል በላቸው። ደግሞ አሁን ልኩ አንድ ስለሆነ፣ ከውጭ ከሚመጣው ጋር ጎን ለጎን ቢያቆሙት የትኛው የኔ እንደሆነ እኔም አልለየውም፤ እሱን ካሁኑ ይወቁልኝ።»