ንፋሱ አራት ነው

አሳምነውን ጠልቼው አላውቅም፤ ቀናሁበት እንጂ። የጠሉትን ሰው ላለማየት ትራም እስከ መቀየር ይደረሳል። የቀኑበትን ሰው ግን ምን እንደሠራ፣ የት እንደዋለ፣ ማን እንዳመሰገነው ካልሰሙ እንቅልፍ አይመጣም። ስለዚህ ስለ አሳምነው የማውቀው ሚስቱ መሰረት ከምታውቀው አያንስም። ታሪኩን እኔ ብጽፈው የሚቆጣ ያለ አይመስለኝም።

ደሴ ተወልዶ ያደገ ጎሚስታ ነው። አባቱም ጎሚስታ ነበሩ። ከአሰብ የሚመጡ የጭነት መኪናዎችን ጎማ ሲያወጣና ሲያስገባ ጎለመሰ፤ ስለ ባሕር የሚያውቀውም ሾፌሮቹ ሻይ እየጠጡ ያወሩትን ብቻ ነበር። እስከ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ድረስ ከሐይቅ ከተማው ሐይቅ በቀር ብዙ ውኃ በአንድ ቦታ ቆሞ አላየም። በስደት ሆላንድ ገብቶ፣ የካምፑን ጊዜ ጨርሶ፣ ዴንሃግ ውስጥ ለእሱ፣ ለመሰረትና ለልጃቸው ለሩሐማ ቤት ተሰጣቸው። ቀን ትራም ያጥባል። አጭር ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሰው ሲያወራው ዓይን ዓይኑን እያየ «እህ» ይላል፤ ሰው ሁሉ የሚወደው በዚህች «እህ» ነው። እኔም መስተዋት ፊት ቆሜ ሞክሬአታለሁ። ከኔ አፍ ስትወጣ የታመመ ሰው ድምፅ ትመስላለች።

እኔ አዘዘ እባላለሁ። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከአውሮፕላን የወረደ የምግብ ትሪ በሚታጠብበት ቦታ እሠራለሁ። በሐበሾች ማኅበራችን ግን የምታወቀው በዚህ አልነበረም፤ «መርከበኛው» ነበርኩ። ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አሥራ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። ነጭ ቆቤን እስከ ዛሬ አልጣልኳትም፣ በየድግሱ አደርጋታለሁ። ስለ ቀይ ባሕር ማዕበል ማውራት ስጀምር ሰው ሁሉ መብላቱን ያቆም ነበር። አንድ ሰው ብቻ ዝም ብለው ይበላሉ፤ አቶ ዓንደብርሃን፣ ምጽዋ ወደብ ላይ ሲሠሩ ኖረው አሁን ሮተርዳም ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ሽማግሌ።

ለምን ዝም እንደሚሉ አውቃለሁ። አሥራ ሁለቱን ዓመት የጨረስኩት በንብረት ክፍል ነው። ገመድና ቀለም፣ ጫማና ሳሙና ነበር የማድለው። መርከብ ላይ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አስመልሶኛል። ዋናም አልችልም። አቶ ዓንደብርሃን ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ግን ደግ ሰው ስለሆኑ በሰው ፊት አላዋረዱኝም።

አሳምነው ባሕር የገባው በጎረቤቱ በሄንክ ምክንያት ነው። ሄንክ የስኬቭኒንገን ሽማግሌ ነው፤ ስኬቭኒንገን የዴንሃግ ባሕር ማለት ነው። ወደቡን ከማዕበል በሚከልለው የድንጋይ ግድብ ሥር የክሬፍት ወጥመዶች ነበሩት፣ ፈቃዱም በእጁ ነበር። ክሬፍት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ ጋሻ የለበሰ፣ ሁለት ትልልቅ መቀስ ፊቱ ላይ የያዘ የባሕር ፍጥረት ነው። ቀን ድንጋይ ሥር ይተኛል፣ ሲመሽ ይወጣል። ሞተር ያለው ጀልባ ወደ ድንጋዩ ከተጠጋ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሄንክ በካያክ ነበር የሚሄደው፣ በዚያች ሰው እንደ ሱሪ በሚገባባት ጠባብ ጀልባ። ወገቡን ሲታመም «ማን ያንሳልኝ?» አለ። የደሴው ጎሚስታ «እኔ» አለ።

በሰማሁ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። ሳምንት አይቆይም አልኩ። ዓመት ሞላው።

አንድ ምሽት ሳልነግረው ሄጄ ግድቡ ላይ ተደብቄ አየሁት። ግንባሩ ላይ መብራት አስሯል። ማዕበሉ ካያኳን ብድግ አድርጎ ወደ ድንጋዩ ሲወረውራት እኔ ከላይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እሱ በመቅዘፊያው አንዴ ገፋ አድርጎ ተመለሰ። ተንሳፋፊውን ምልክት ይይዛል፣ ገመዱን ይስባል፣ ወጥመዱን ጭኑ ላይ ያሳርፋል፣ ክሬፍቱን ከጀርባው ያዝ አድርጎ መቀሶቹን በላስቲክ ያስራል። ላስቲኩን የሚቆርጠው ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ነው። ካያኳ ውስጥም፣ ከፊትና ከኋላ፣ የተነፉ ትንንሽ ከመነዳሪዎች ጎስጉሷል፤ ብትገለበጥ እንዳትሰጥም ነው። «ጎሚስታ ባሕር ላይም ጎማ ይነፋል» እያልኩ በየቤቱ አሾፍኩበት። ያን ምሽት ግን ስመለስ ትራም ውስጥ እንባዬ መጣ። እኔ ሳወራው የኖርኩትን እሱ እያፏጨ ይሠራዋል።

የሚያድነውን አይበላውም። ማናችንም አንበላውም፤ ሃይማኖታችን አይፈቅድልንም። መሰረት ጓንቱን ደጅ ታስወልቀዋለች፣ እጁን ሁለት ጊዜ ሳይታጠብ ወጥ ቤት አያልፍም። እኔም በዚህ በኩል የምይዘው መስሎኝ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማኅበሩ ፊት «ርኩስ ነገር የሚነካ ሰው አብሮን ይቆርሳል?» አልኩ። እሱን ያሸማቅቁታል ብዬ ነበር። ሰዉ ግን «እስቲ ምን ይመስላል? አምጣና አሳየን!» አለ። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ትልቅ ክሬፍት በባልዲ ይዞ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እየጮኹ ያያሉ፣ ልጆቹ በባልዲው ዙሪያ ይዘላሉ። አንዱ ከኋላ «አድሚራል አሳምነው!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተንጫጫ። ነጭ ቆቤ ራሴ ላይ ነበረች።

በዚያ ላይ ሩሐማ መጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚህ አገር ስላደገች አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም።

«አዘዘ፣ አንተስ? በማታ ባሕር ገብተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ብዙ ጊዜ» አልኳት።

«Echt? እውነት? በካያክ?»

አቶ ዓንደብርሃን በመሐረባቸው ከንፈራቸውን ጠረጉ። እኔ ካፖርቴን ፈለግሁ።

አሁን የስልኩን ነገር ልናገር። አሳምነው ባሕር ከመውጣቱ በፊት ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይደውልልኛል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ልማዱ ነው። «ጋሼ፣ ንፋሱ ስንት ነው?» ይለኛል። ሆላንዶች ንፋስን በቁጥር ነው የሚጠሩት። ሦስት ቢሆን ልብስ ያደርቃል፣ አምስት ለሱ ካያክ ወሰኑ ነው፣ ስምንት ከሆነ ትልልቅ ጀልባም ይታሰራል። እኔ ለመርከቦች የሚነበበውን የሬድዮ ወሬ በእስክሪብቶ እጽፍና አነብለታለሁ፤ ትንሽ ምክርም እጨምርበታለሁ። ከቀኑ ውስጥ የምወዳት ሰዓት እሷ ነበረች። በዚያች ሰዓት መርከበኛ ነኝ።

ያ «አድሚራል» የተባለበት እሑድ በጥቅምት ወር ነበር፣ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ዓ.ም። በማግስቱ ሬድዮው «ስምንት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ዘጠኝ» አለ። ጻፍኩት። ወረቀቱ እጄ ላይ እያለ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ንፋሱ ስንት ነው?»

«አራት ነው።»

እንዴት እንደወጣ እንጃ። ሰይጣን አሳሳተኝ ብል ይቀለኝ ነበር፤ የባልዲው ጭብጨባ ነው ያናገረኝ። ሰጥሞ ይሙት አላልኩም። ትንሽ ይደንግጥ፣ ገመዱ ይበጠስበት፣ ባዶ እጁን እየተንቀጠቀጠ ይመለስና እንደ እኔ ያስመልሰው አልኩ።

«ኋላ ይበረታ ይሆን?»

«አይበረታም። ሂድ፣ ግባ።»

«እህ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

እራቴን በላሁ። ውጭ ጭጭ ብሎ ነበር፤ ከከባድ ማዕበል በፊት ባሕር እንዲህ እንደሚያታልል እንኳ የሰማሁት ኋላ ነው። ሲነፍስ ያያል፣ አይሞኝም፣ ሄንክም ይከለክለዋል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በረንዳ ላይ ያለው ብስክሌቴ ብቻውን ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ተላተመ። መስኮቱ ይርገፈገፍ ጀመር። መሰረት ጋ ደወልኩ።

«አሳምነው አለ?»

«ወጣ እኮ። ሄንክ ልጁ ጋ ሮተርዳም ሄዷል፣ ብቻውን ነው የወጣው። ምነው ጋሽ አዘዘ? ንፋሱ አራት ነው ብለውታል አይደል?»

ዘጋሁባት። ለአደጋ ስልክ ደወልኩ። በተሰባበረ የሆላንድ ቋንቋዬ «አንድ ሰው፣ ካያክ፣ ስኬቭኒንገን፣ ግድቡ» እያልኩ ጮህኩ። ሴትየዋ በእርጋታ ስሜን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት።

ወደቡ ላይ ስደርስ ሰማይና ባሕር አይለይም ነበር። ማዕበሉ ከግድቡ ላይ እየዘለለ አስፋልቱ ላይ ይፈስሳል። መሰረት ከኋላዬ ደረሰች፤ ሩሐማን ጎረቤት ትታ፣ በቤት ጫማዋ። ክንዴን ይዛ «እርስዎ ባሕር ያውቃሉ፣ ይተርፋል በሉኝ» አለችኝ። ይተርፋል አልኳት። ነፍስ አድኖቹ በጀልባቸው ወጥተው አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። በዚያች ሰዓት የማውቀውንም የማላውቀውንም ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ፣ ቆቤን አቃጥላለሁ ብዬም ተሳልኩ።

በሕይወት አገኙት። ካያኳ ተሰብራለች፤ ከመነዳሪዎቹ ግን አልሰጠሙም። ሁለቱን በብብቱ አቅፎ፣ ራሱን በወጥመዱ ገመድ አስሮ፣ ከድንጋዩ ርቆ ተንሳፍፎ ነበር። እኔ ያሾፍኩበት ጎማ አዳነው። ሲያወርዱት ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ሁለት ጎድኑም ተሰብሯል።

አሁን የባሰው ይመጣል። በማግስቱ ዴንሃግ፣ ሮተርዳምና አምስተርዳም ያለ ሐበሻ ሁሉ ወሬው ደረሰው። ወሬው ግን ስለ አሳምነው አልነበረም። «ጋሽ አዘዘ ቤቱ ተቀምጦ ማዕበሉን አውቆ ደወለ! መርከበኛ ሁልጊዜ መርከበኛ ነው!» ይባላል። ከአምስተርዳም ድረስ ሰው እየደወለ መረቀኝ። ሚስቴ አበባይሽ ቆቤን አጥባ ተኮሰቻት። ዓመቱን ሙሉ የተመኘሁትን ሁሉ በአንድ ቀን አገኘሁት፤ አንዱም በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ብቻውን ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እርስዎን እያመሰገነ ነው» አለኝ።

«ተው እሱን።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ያን ዕለት ቴሌቴክስት ስምንት ብሎ ነበር እኮ።»

ቴሌቴክስት በቴሌቪዥን ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ የአየሩም ሁኔታ አለበት። የማንንም ቤት ሪሞት አንዴ መጫን ነው።

«አይተኸው ነበር?»

«ሁልጊዜ አያለሁ። ለእርስዎ ከመደወሌ በፊት።»

አንድ ብልጠት መጣልኝ። ትንሹን ኃጢአት ሰጥቼ ትልቁን ልደብቅ አልኩ። «አሳምነው፣ እውነቱን ልንገርህ። እኔ መርከበኛ አልነበርኩም። ንብረት ክፍል ሳሙና አዳይ ነበርኩ። ሬድዮውን አሳስቼ ሰምቼ ነው» አልኩት። በሕይወቴ ለማንም ያልተናገርኩት ነበር።

«አውቃለሁ» አለ። «አቶ ዓንደብርሃን ድሮ ነግረውኛል። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትደውልልኝ ነበር?»

«ደስ ስለሚልዎት።»

ተናደድኩ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ተናደድኩ። «ቴሌቴክስት ስምንት እያለህ፣ በሳሙና አዳይ ቃል ባሕር ይገባል?»

ወደኔ ዞር ሊል ሞከረና ጎድኑ አሳመመው። «የሬድዮው ከቴሌቴክስቱ በኋላ የሚወጣ ነው፣ ተሻሽሎ ይሆናል ብዬ ነው። ባሕር ያውቃሉ ብዬ አይደለም የወጣሁት ጋሼ። እርስዎ ይዋሹኛል ብዬ ስላላሰብኩ ነው።» ትራሱን አስተካከለ። «አሳስተው ነው የሰሙት አይደል?»

ብርቱካኑ አሁንም እጄ ላይ ነው።

«አሳስቼ ነው» አልኩት።

ዓይን ዓይኔን እያየ «እህ» አለኝ።

በመጋቢት ሄንክ ሌላ ካያክ አገኘለት። የመጀመሪያው ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ንፋሱ ስንት ነው?» ከወረቀቴ ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት፤ ሦስት ነበር። አመስግኖ ዘጋ። ካፖርቴን ለብሼ ወደቡ ሄድኩና የግንባሩ መብራት እስኪመለስ ግድቡ ላይ ቆሜ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ በወጣ ቁጥር እሄዳለሁ። ሰው ሲያየኝ «መርከበኛው ጓደኛውን ይጠብቃል» ይላል፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ዛሬም እቀናበታለሁ። በክሬፍቱ አይደለም፣ አድሚራል በመባሉም አይደለም። ይኸው ስንት ጊዜ ቁጥር ነገርኩት፤ አንድም ቀን «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎኝ አያውቅም። እሱ «አራት ነው» ቢለኝ፣ እኔ ቴሌቴክስት ሳላይ ከቤቴ ደጅ አልወጣም ነበር።