ሰይድ ለምን ሰላምታ እንዳልመለሰ ለማጣራት ወደ ኮምቦልቻ

ደሴ ውስጥ ሬዲዮ ያልጠገንኩለት ሰው ካለ፣ ሬዲዮ ያልነበረው ሰው ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደልን ከሱቅ ታፔላ፣ ኤሌክትሪክን ከራሱ ከኤሌክትሪኩ ተማርኩ። ሁለት ጊዜ መትቶ ጥሎኛል፤ ሦስተኛ አልደፈረም።

ሰው ሲጣላም የምጠራው እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ ሰይድ ኮምቦልቻ ዳር ባለ የከብት ማድለቢያ መኖ ይፈጫል። ዘይነባን ሊያገባ ሽማግሌ ቢልክ፣ አባቷ የበሬ ነጋዴው ሐጂ ይማም፣ «ማድለቢያው ድረስ ሄጄ ሦስት ጊዜ አሰላሙ አለይኩም ብዬው አልመለሰልኝም። ለኩራተኛ ልጄን አልድርም» ብለው መለሷቸው። እኔም ልጁን ልቆጣው ማክሰኞ ጠዋት ተነሣሁ።

የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ስንወርድ የሚኒባሱን ሹፌር ስለ ማርሽ አጠቃቀም መከርኩት።

«አባባ፣ እርስዎ ይንዱልኛ» አለኝ።

መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ ተውኩት። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ኮቴን አስወለቀኝ።

ማድለቢያው፣ አራት ሰዓት

መፍጫው ያለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። የበቆሎ አገዳ ሲገባበት ጥርስ ያነቃንቃል። ሰይድ ጆሮው ላይ ምንም አላደረገም። ከጀርባው ሆኜ ብጣራ ዞር አላለም። ትከሻውን ስነካው አካፋውን ጣለ። ወደ ውጭ አወጣሁት።

«ሐጂን ለምን ሰላምታ ነሣሃቸው?»

ሁለቴ ደገምኩለት።

«መጥተው ነበር እንዴ?» አለ ፊቱ ተለዋውጦ። «አያ ሁሴን፣ ቤት ስገባም መፍጫው ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ደንቆሮ ከሚሉኝ ኩራተኛ ቢሉኝ ይሻለኛል። ለደንቆሮ ማን ልጁን ይሰጣል?»

እኔ የድምፅ ሰው ነኝ። መፍጫው አጠገብ ሦስት ሰዓት ተቀምጬ መረመርኩት፤ የላሉ ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ጆሮዬን አልሸፈንኩም፤ ለእኔ ዓይነቱ ባለሙያ አያስፈልግም ብዬ ነው።

ደጋን፣ ሐጂ ቤት፣ አሥር ሰዓት

ሐጂ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ወደ በረንዳው እያየሁ አልፌያቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። መጥተው ፊቴ ቆሙ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ምን አሉኝ?» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የተኛችው ፍየል ተነሥታ ሄደች።

ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ሁለት ጊዜ ሰላም አልኩዎት። እርስዎም ኮሩብኝ?»

«ወላሂ አልሰማሁም። መፍጫው ዘንድ የተቀመጥኩት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ሰይድ ሁለት ዓመቱ።»

ሐጂ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ከጀርባው ሆኜ ነበር ሰላም ያልኩት» አሉ።

ዘይነባ ውኃ ይዛ ወጣች። «እኔማ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነው የማናግረው፤ ይሰማኛል» አለች ጮክ ብላ።

«የት ነው የምታናግሪው?» አሉ አባቷ።

ውኃውን አስቀምጣ ገባች።

ደሴ ስመለስ

በዚህ ጉዞ የሠራሁት ይህ ነው፦
የመፍጫውን ብሎን አጠበቅሁ።
ባለማድለቢያውን አሳምኜ ሰይድን ወደ በሬ ጠባቂነት አዛወርኩት። አሁን መፍጫው ላይ የሚሠሩት ጆሮ መሸፈኛ አላቸው።
ሰይድን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብቅ ተባለ።
ሰው ሳይመልስልኝ ሲቀር ከመቀየሜ በፊት ዞሬ ፊቱ መቆምን ተማርኩ። ይህንንም ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ ነኝ።
ዓርብ ሐጂ ማድለቢያው ድረስ ሄደው፣ ከሰይድ ፊት ቆመው ሰላም አሉት። ሲመልስላቸው ድምፁ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ አሉ። ያንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።