ያለፈኝ ጽዋ ያለችው አክስቴ

«እሷ ዘንድ ከሄድሽ እንደ እሷው ሆነሽ ትቀሪያለሽ» አለኝ አባቴ፣ ፊት ለፊት እያየኝ። ሲቆጣ ለወትሮው መሬት መሬት ነው የሚያየው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ እዚህ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ድንች ስኮተኩት ሁለተኛ ክረምቴ ነው፤ ሰለቸኝ። አክስቴ እትዬ ፈንታ ዳንግላ ውስጥ ዳቦ ትጋግራለች። ነይና አብረን እንሥራ ብላ ሰው ልካብኛለች።

ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ስጠቀጥቅ በበሩ የገብስ ሽታ ገባ። ሌሊት ዝናብ መቶት ጠዋት ፀሐይ ያገኘው የደረሰ ገብስ ከጭድና ከሊጥ መካከል የሆነ ሽታ አለው። ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር እትዬ ፈንታ አብራው ትመጣለች።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሲሞት ልጅ ስላልነበራት ወደ ወንድሟ ተመለሰችና ከቤታችን በታች ያለችውን ቁራሽ መሬት ያዘች። መቀመጥ የሚባል ነገር አታውቅም። ቅዳሴ እንኳ ቦታ እየለዋወጠች ነው የምታስቀድሰው። ከቅዱስ ሚካኤል ጋር እንደ ጎረቤት ታወራለች፤ ታማክረዋለች፣ ትሟገተዋለች፣ ስትናደድ አማርኛውን ትታ በአገውኛ ትነዘንዘዋለች።

ሰፈራችን በወር በወሩ፣ በአሥራ ሁለት፣ የሚካኤልን ማኅበር ይጠጣል። ጽዋው በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ከተረኛ ወደ ተረኛ ይዞራል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አባቴ ነው። በዚያ ቀን ማረስም ማጨድም የለም። አንድ ሰው ማጭድ ካነሣ በረዶው ለሁሉም ይወርዳል ይባላል። ዛሬም ይባላል።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ገብሱ ሁሉ ደርሶ ቆሟል፤ ነገ ሊታጨድ። ሰማዩ ከጠዋቱ በዘንገና በኩል ጠቆረ። ተረኞቹ እኛ ነበርንና ሰዉ ነጭ ለብሶ ወደ እኛ ቤት ሲወጣ እትዬ ፈንታ ማጭዷን ይዛ ወደ ማሳዋ ወረደች። እናቴ ከአጥሩ ሥር ተጣራች።

«ኧረ ዛሬ ሚካኤል ነው!»

«አውቃለሁ። ነግሬዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አለሽ?»

«ዝም አለኝ። አልከለከለኝም።»

አጎንብሳ ማጨድ ጀመረች። ነዶውን በጀርባዋ እየተሸከመች ቤቷ አስገባች፤ አልጋዋ ላይ ሳይቀር ከመረችው። ከሰዓት በኋላ በረዶው ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ የቄሱ ጸሎት አልሰማ አለ። ሲያባራ ወንዶቹ ወጥተው አዩ። ገብሱ ተኝቷል፤ ፍሬው ጭቃ ውስጥ ተራግፏል። ተመልሰው ገቡ።

የሚቀጥለው ወር፣ የኅዳሩ፣ ተረኛ እሷ ስለነበረች ጽዋውን ያን ዕለት ከእኛ ቤት መውሰድ ነበረባት። ታጥባ፣ ነጠላ ለብሳ፣ ፀጉሯ ውስጥ ገለባ እንደተሰካ መጣች። ጽዋውን ልትቀበል ሁለት እጇን ዘረጋች። አባቴ ጽዋውን አንሥቶ በእጆቿ ላይ አሳለፈና አጠገቧ ለተቀመጡት ለአያ በላይ ሰጣቸው።

«ወንድም ዓለም፣ እጄ አልታየህም?» አለችው።

«ታይቶኛል» አላት።

እጇን ወዲያው አልሰበሰበችም። ሁላችንም እያየናት ትንሽ ቆየችና ወጣች።

ግንቦት ሲገባ ሰው የሚዘራው አጣ። ደህና ዘር ያለው እሷ ቤት ብቻ ነው። የከለከለች እንዳይመስላችሁ። ጠላ ጠመቀች፤ ደጇ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች። ዘር ፈልጎ ለመጣ ሁሉ መጀመሪያ ጠላ ትቀዳለታለች።

«እኔ ለዘር ነው የመጣሁት» ይላታል ሰውየው።

«ዘሩ የትም አይሄድ። አስቀድመህ የሚካኤልን ጠላ ጠጣ። ያለፈኝ ጽዋ ነው።»

ሳይጠጣ ዘር ያገኘ የለም። አያ በላይ ሁለት ጣሳ ጨለጡና «ጥሩ ወጥቶልሻል፣ ወፍራም ነው» አሏት።

«ከጥቅምት ጀምሮ ሳስብበት ነበራ» አለቻቸው። እሳቸው ሳቁ። እሷ መንገዱን ነበር የምታየው።

አባቴን ነው የምትጠብቀው። ወንድሟ ከደጇ ቆሞ አንድ ጣሳ ቢጠጣላት ይበቃት ነበር። አልመጣም። እንጅባራ ገበያ ሄዶ ዘር ገዛ፤ ግማሹ ሳይበቅል ቀረ። እናቴ ግን በጓሮ ዞራ ጠላውን ጠጥታ አንድ ቁና ገብስ ይዛ መጣች። የእሷ በቀለ። አባቴ ከየት አመጣሽው ብሎ አልጠየቃትም። ከየት እንደመጣ ያውቃላ!

ሰኔ ሚካኤል እንዳለፈ እትዬ ፈንታ የተረፈውን ጠላ ደጇ ላይ ደፋችው። «ተቀምጦ መጠበቅ አልሆነልኝም» ብላ ቁልፉን ለእናቴ ሰጠችና ዳንግላ ገባች። አባቴ እዚያ ገበያ ይመላለሳል፤ ቤቷን ግን ረግጦ አያውቅም። አሁን ዙሪያችን ያለው ማሳ ሁሉ ለከሰል የሚሆን ግራር ተተክሎበታል። የእኛና የእሷ ቁራሽ ብቻ ገብስ ነው፤ ያው የእሷ ገብስ። አባቴን ሌላ ዘር እናምጣ ሲሉት «መሬቱ ይሄን ለምዶታል» ይላል።

ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ አባቴ ማሳው ዳር ነበር። አንድ ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ ያሻል።

«ምን ልበላት?» አልኩት።

ገለባውን እፍ አለና ፍሬውን አየው። አንዱን ነክሶ አላመጠ። እኔ መቆም አልቻልኩም፤ መንገድ ጀመርኩ። አጥሩን ሳልፍ ከኋላዬ ተጣራ።

«የኅዳሩ ጽዋ ተራ አልተያዘም በያት።»

ዞር ስል ጀርባውን ሰጥቶኛል። ሻንጣውን ትከሻዬ ላይ አወጣሁና ወደ አስፋልቱ ሄድኩ። ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ።