ገበር የሌለው ቤት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ሜትሯ» ይላታል። ሜትሩ ካንገቷ አይወርድማ! እንኳን ቀሚስ፣ ወሬም ሳትለካ አትቀበልም።

እናቷ ግማሽ ጎናቸውን ካመማቸው ወዲህ የሚተኙት እሷ ከምትሰፋበት ክፍል ነው። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ፤ ቀትር ላይ እሳት ይተፋል፣ ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ሰሞኑን ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ አስደነገጧት። ታላቅ ወንድሟ ይህን ሰምቶ ደወለ።

«በቃ፣ ቅዳሜ መጥቼ እማዬን ወደ እኔ ቤት እወስዳታለሁ።»

«የትም አትሄድም ጋሼ! ክፍሉን እኔ አስተካክለዋለሁ።» ስልኩን ዘጋችው። እናቷ ከሌሉበት ያ ክፍል ምን ያደርግላታል?

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄደች። ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። «እትዬ፣ ይሄ ኤሲ ያሞቃልም ያቀዘቅዛልም። ትልቁን ይውሰዱና ይገላገሉ!»

የክፍሉን ልክ ጠየቃት። ከኪሷ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው፤ በየግድግዳው ሁለት ሁለት ጣት ለስፌት ጨምራበታለች። ልማድ ነው፣ ምን ታድርግ! ሻጩ በሳቅ ፍርስ አለ።

ስቆ እስኪጨርስ ጠበቀችው። «የስፌት መኪናዬና ካውያዬ እየሠሩ፣ የቤቴ መብራት ይሄን ግዙፍ ይችለዋል?»

ሻጩ ጭንቅላቱን አከከ። «እሱን እንኳ… ካውያውን ማጥፋት ነው።»

«ካውያው የጠፋ ልብስ ሰፊ የት አይተህ ታውቃለህ?» የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብላ ባዶ እጇን ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ካፖርት ይዛ የውስጥ ገበሩን ስትዘመዝም እጇ ቆመ። ጨርቁ ወፍራም ነው፤ ግን ያለ ገበር ማን ሞቆት ያውቃል? ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየችው። «ጉድ እኮ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ገበር ስሰፋ፣ የገዛ ቤቴ ገበር የለውም!»

ሙያ በልብ ነው ብላ ለማንም አልተነፈሰችም። አናጢ ጠርታ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀትና ብርድ የሚከለክል ወፍራም ንጣፍ አስወጠረች፤ ከንጣፉ ሥር ኮርኒስ አስመታች። የበሩን ግርጌ ክፍተት በቁርጥራጭ ጨርቅ ራሷ ደፈነችው። ከዚያ ሱቁ ተመልሳ ትንሹን ኤሲ መረጠች። ሻጩን ቅር አለው፤ ይበለው! ዓርብ ተገጠመላት። የስፌት መኪናውን፣ ካውያውንና ኤሲውን ባንድ ላይ አስነሳቻቸው፤ መብራቱ ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ወንድሟ መኪናውን ደጅ አቁሞ፣ ባዶ ሻንጣ ይዞ፣ ላቡን እየጠረገ ገባ። ለክርክር ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። እሷ በቀዘቀዘው ክፍል ካውያዋን ትገፋለች። እናቲቱ ትራስ ተደግፈው በደህና እጃቸው የልብስ ቁልፍ ይለቅማሉ፤ ትንፋሻቸው ረግቷል። ልጃቸውን አዩት፣ ሻንጣውን አዩት፣ ከኋላው ወለል ብሎ የቀረውን በር አዩት።

«በል ልጄ፣ ያንን ወዲያ አድርግና በሩን ዝጋልኝ። ቤቴን አታሙቅብኝ።»

ወንድሟ በሩን ዘጋ። ያን ጊዜ ሜትሯ ካውያዋን አስቀምጣ ቁጭ አለችና አለቀሰች።